እማዬ፣ በስልክ መጮህ ስላቃተኝ ነው

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። እሁድ ዕለት በስልክ ክራር ስደረድርልሽ፣ "ዝናቡ እናንተም ጋ ጀመረ እንዴ?" አልሽኝ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ቨርጂኒያ በረዶው ትምህርት ቤት አዘግቶ ልጆቹ ሦስት ቀን ቤት ዋሉ። ታብሌቱን ነጠቅኳቸውና ክራር እንሥራ አልኩ። ያን ክቡን የብስኩት ቆርቆሮ ታውቂዋለሽ፤ አንቺ መርፌና ክር የምታስቀምጪበትን ዓይነት። የመጥረጊያ እንጨት ቆርጠን ክንድና ቀንበር አወጣንለት። ለክሩ የዓሣ ማጥመጃ ገዛሁ። እኛ ድሮ የሳይክል ፍሬን ሽቦ ስንተረትር ጣታችን ይደማ ነበር። መጀመሪያ ሲመታ ክሩ ቆርቆሮው ላይ እየተኛ ተንጫጫ። እርሳስ ሰብረን ከሥሩ ብናጋድም ድምፅ ሆነ። መቃኘቱ ግን ፈተና ነበር። እንጨቱ ላይ ክሩ ይንሸራተታል። በመጨረሻ ያን የላክሽልኝን ነጠላ ቀደድኩት። (አትቆጪ፣ አልቆ ነበር።) ቅዳጁን ቀንበሩ ላይ ጠምጥሜ ክሩን በላዩ አሰርኩ። ጨርቁን ስታዞሪው ክሩ ይከራል። 6ቱንም እንዲያ። ስድስተኛው ያው የመጀመሪያው ድምፅ ነው፣ ቀጭኑ።

ትልቁ "ማን አስተማረሽ?" አለኝ። መልስ አጣሁ።

የኔን ክራር ለቆራሌው የሰጠሽበት ቀን ትዝ ይልሻል? 11 ዓመቴ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመጣ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ ቀይ የፕላስቲክ ጆግ ተቀምጧል። "ቤታችን አንድ አዝማሪ አይበቃውም?" ብቻ ነው ያልሽኝ። በዚያ ጆግ ስንት ዓመት ውኃ ተጠጣ። እኔ ከሱ ቀድቼ አላውቅም፤ ልብ ብለሽ ይሆን? አባዬ ያኔ የነበረበትን አውቃለሁ። ማታ ማታ በሩን ገርበብ አድርገሽ ስትጠብቂው ተኝቼ አልነበረም። ግን አስናቀች ወርቁ ከነክራሯ በሬዲዮ ስትመጣ ድምፁን ከፍ የምታደርጊውም አንቺው ነበርሽ። እስከ ዛሬ ያልገባኝ ይሄ ነው። በስልክ ልበለው ብል መጮህ ሊኖርብኝ ነው። ተጮሆ የሚነገር ደግሞ አይደለም።

ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወለቁ፣ ሁለቱም። ስትስቅ ቁርጥ አንቺን! ትልቁ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው። አማርኛው ብቻ ነው ያስቸገረኝ፤ "አያቴ መጣ" ይልሻል።

እኔ የምለው፣ ጆሮሽን ለምን አትታዪም? ድስቱ ሲያር፣ በሩ ሲንኳኳ "ሰምቼ ዝም ብዬ ነው" ትያለሽ አሉ። አንዳንዴ እኮ ኩክ ብቻ ይሆናል፣ ሐኪም አጥቦ ያወጣዋል። በክብሪት እንጨት አትነካኪው፣ በናትሽ። ኩክ ካልሆነም ማዳመጫ አለ። ብሩን እልካለሁ። ለሰው እንዳታበድሪው።

አንድ ነገር ደግሞ። ትንሿ የክራሩን ክንድ በጎን ጥርሷ ነክሳ፣ "ማሚ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዘፍናል" አለችኝ። ጆሮዬን ደፍኜ ሞከርኩት። እውነቷን ነው። ድምፁ በአጥንት ይገባል።

ለፋሲካ በሚመጣ ሰው ክራሩን እልክልሻለሁ። መቼም ለቆራሌው አትሰጪብኝም። ሲደርስሽ በሩን ዝጊና ክንዱን ከጆሮሽ ኋላ ካለው አጥንት ጋር አስደግፊው። ከዚያ ወፍራሙን ክር ምቺ። ከሰማሽ እህቴን ንገሪያት፣ ትደውልልኛለች። ካልሰማሽም ንገሪያት። አትደብቂኝ።

ልጅሽ