አልጋ ሥር ስላሉ 31 ደብተሮች

ለደሴ ከተማ አስተዳደር ወጣቶችና ስፖርት መምሪያ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የከተማችን የኳስ ጨዋታ የተመዘገበባቸው ደብተሮች ከክረምት በፊት ቦታ እንዲያገኙ ስለመጠየቅ

እንደምን ከረማችሁ? የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ "ከላይ በርዕሱ እንደተገለጸው" ብሎ እንደሚጀምር አውቃለሁ። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ አንድ ሰው ነው። እንደ ሰፈር ወሬ ብጀምረው ይቀለኛል።

እኛ ጋሼ ብቻ የምንላቸው ሰው አሉ። ስማቸውን እንድጽፍ አልፈቀዱም። ሆጤ ሜዳ ቅዳሜ ከሰዓት ብቅ የሚል ሁሉ ያውቃቸዋል። ካፖርት፣ የሹራብ ሻርፕ፣ ብብታቸው ሥር ደብተር። እስክሪብቶ ሁለት ይይዛሉ። የደሴ ብርድ አንዱን አልጽፍ ሊያሰኘው ይችላላ!

ያወቅኳቸው በዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሰፈራችን ቡድን አሰላለፍ ሲነበብ ስሜ የለም። ከተጠባባቂዎቹም የለሁበትም። ጥግ ይዤ ሳለቅስ መጡና እርሳስ ሰጡኝ። "አብሽር! እኔ ጎሉን እይዛለሁ፣ አንተ ኮርና ቁጠርልኝ" አሉኝ። ቆጠርኩ፤ ሰባት ነበር። በሳምንቱ ደብተራቸውን ሲያሳዩኝ ከሰባቱ ጎን "ቆጣሪ" ተብሎ ስሜ ከነአባቴ ተጽፏል።

ጋሼ በወጣትነታቸው ስካውት ነበሩ። በ1965ቱ ረሃብ ከገጠር ወጥቶ መንገድ ዳር ለወደቀው ሕዝብ ውሃ ሲያድሉ ገና ተማሪ ነበሩ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ ስካውቱ ሲበተን መለዮው ሳጥን ገባ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። በ1977 ባቲ መጠለያ ወርደው እህል ሲያራግፉ ከረሙ። ስንት ተከፈለዎት ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ። ሳቁብኝ። እኛን ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ሰብስበው የተሰበረ ክንድ እንዴት እንደሚታሰር ያሳዩን ነበር። የወንድሜ ክንድ አንዴም ሳይሰበር ሃያ ጊዜ ታስሯል።

የስፖርት ጽሑፍ ሌላው ሥራቸው ነው። ሥራ ልበለው እንጂ ደመወዝ የለውም። ለአዲስ አበባ ጋዜጦች በፖስታ ይልካሉ። ሁለት ገጽ ይጽፋሉ፣ ሦስት መስመር ይወጣል፤ ያውም ያለ ስም። ሲቸኩል ቴሌ ሄደው ወረፋ ይዘው ውጤቱን በስልክ ያስነግሩ ነበር፤ ሒሳቡ ከኪሳቸው። ወልድያ ፕሪሚየር ሊግ የገባ ጊዜ 120 ኪሎ ሜትሩን በሚኒባስ ሲመላለሱ ከረሙ። በ2009 የተመረቀውን፣ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዘውን የወልድያ ስታዲየም መጀመሪያ ያየን ቀን እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሳቸው የጠየቁት ጸሐፊ የት እንደሚቀመጥ ነው።

ደብተሮቹን ከፍታችሁ ብታዩልኝ። አሰላለፍ አለ፣ ቅያሪ አለ፣ ካርድ አለ፣ የሜዳው ጭቃ እንኳ አለ። አንድ ቀን ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሜዳውን ዋጠው። የዚያ ቀን ገጽ እንዲህ ይላል፦ "2ኛው ጎል፦ አላየሁም። ጩኸት ሰማሁ።" ከሥሩ፣ በሌላ ቀለም፣ ከሦስት ቀን በኋላ የአግቢው ስም ገብቷል። በረኛውን፣ ተከላካዩንና ኳስ አቀባዩን ልጅ በየቤታቸው ሄደው ጠይቀው ነው። የበረኛው እናት ቡና ሳይጠጡ አይሄዱም ብለው እስከ በረካ አስቀምጠዋቸዋል። ለአንድ ጎል! ዛሬ ጨዋታውን ሳያይ የሚተነትነው ስንቱ ነው።

ጥቅምት 2014 በጦርነቱ ከተማው ሲሸሽ ጋሼ ልብሳቸውን ትተው ደብተሮቹን ማዳበሪያ ውስጥ ከተቷቸው። በኮምቦልቻ አድርገው ደብረ ብርሃን ድረስ ይዘዋቸው ሄዱ። ሲመለሱ ቤታቸው ባዶ ነበር። ሙዚየማችንም መዘረፉን እናንተም ታውቃላችሁ። ደብተሮቹ ግን ተርፈዋል።

ተርፈዋል ስል፣ ቀድሞ 33 ነበሩ። ከጦርነቱ ብዙ ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል ኤግዚቢሽን ብሎ ሁለቱን ወሰደ። በዓሉ አለፈ፣ ደብተሮቹ አልተመለሱም። የወሰደው ሰውዬ ተዛውሯል ተባሉ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርኩ። ደረጃውን ሲወርዱ የጎደሉትን ጨዋታዎች በቃላቸው ይቆጥሩ ነበር። በዚያው በዓል የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል። የአባታቸው ስም ተሳስቷል።

ስለዚህ የምስክር ወረቀት አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ደረቅ ክፍልና ቁልፍ ያለው መደርደሪያ ነው። የክረምት በጎ ፈቃድ ሲታቀድ ችግኝ ተከላ አለ፣ የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት አለ። አምስት ልጆች ደግሞ ለዚህ ይመደቡ። ገጽ በገጽ ስካን ያድርጉ፤ ያልተነበበውን አጠገባቸው ተቀምጠው ይጠይቋቸው። እጃቸውን ታጥበው ይምጡ እንጂ፣ ጋሼ በዚህ ቀልድ አያውቁም። ርክክቡ በሞዴል 19 የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይሁን፤ እያንዳንዱ ደብተር ተቆጥሮ፣ ተፈርሞ። ሰው ይዛወራል፣ ደረሰኙ ግን እጃቸው ላይ ይቀራል።

ሰባን አልፈዋል። ዓይናቸውም ደክሟል። ባለፈው ቅዳሜ የማልያ ቁጥር አልለይ ብሏቸው ጎናቸው ያለውን ልጅ ደጋግመው ሲጠይቁ ሰማሁ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና በጣቱ እየጠቆመ ይነግራቸው ጀመር። ስሙ ደብተሩ ላይ መግባቱ አይቀርም።

ከሰኔ በፊት ብትመጡ ጥሩ ነው። ጣሪያው በአልጋው ራስጌ በኩል ያፈሳል።

ከሰላምታ ጋር
ኮርና ቆጣሪው

ግልባጭ፦
ለጋሼ (ስህተት ካለ በቀይ እንዲያርሙልኝ)