የቤት ደላላውም ኢሜይሉን ያደራጅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጎንደር ውስጥ፣ በተለይ አዘዞና ማራኪ፣ ቤት አሻሽጣለሁ። ብዙዎቹ ገዢዎቼ ውጭ አገር ስለሚኖሩ ጉዳያችንን የምንጨርሰው በኢሜይል ነው። አንዳንድ የሙያ አጋሮቼ ግን የካርታ ቅጂውን፣ ውክልናውንና የማስታወቂያውን መልእክት አንድ ላይ አጭቀው፣ ደንበኛ ሲጠይቅ «ቆይ ልፈልገው» ይላሉ። ይህ ሰው ያስመርራል፤ ገበያም ያስመልጣል።

ጂሜይል ላይ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን መለያ (ሌብል) መስጠት ይቻላል። እኔ ርእሱ ላይ «አዘዞ፣ 200 ካሬ፣ ካርታ» ብዬ እጽፋለሁ፤ አስቀድሜ ያዘጋጀሁት የጂሜይል ማጣሪያ (ፊልተር) ራሱ ቦታ ቦታውን ያስይዘዋል። የቤቱ ቪዲዮ ከ25 ሜጋባይት ካለፈ በጉግል ድራይቭ ሊንክ ይላክ። ዋሽንግተን ያለው ደንበኛ የሚጽፈው እኛ ተኝተን ነውና ጠዋት ቤት ለማሳየት ከመውጣቴ በፊት እመልስለታለሁ።

ካርታ ግን፣ እባካችሁ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ለማንም አትላኩ።

ከአክብሮት ጋር
የቤት አሻሻጭ፣ ከጎንደር