የቅርስ ክበብ፦ ከጎርተን ገዳም ጋር የቆየንበት ዓመት

የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የቅርስ ክበብ ዘንድሮ አንድ ጥያቄ ይዞ ሠርቷል። ለቤተ ክርስቲያንነት የተሠራ ሕንፃ አገልግሎቱ ሲቀየር ምኑ ሳይነካ መቆየት አለበት? መልሱን የፈለግነው እዚሁ ማንቸስተር፣ ጎርተን ገዳም ውስጥ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ከቤልጅየም የመጡ ፍራንሲስካውያን መነኮሳት ናቸው። አርክቴክቱ ኤድዋርድ ፑጂን ይባላል፤ የቢግ ቤንን ማማ የነደፈው የኦገስተስ ፑጂን ልጅ ነው። ሥራው አልቆ የተከፈተው በ1872 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ውስጡ ሲገቡ ዓይን ወዲያው ወደ ላይ ይሳባል። ይህን የሚያደርጉት በሁለቱም ጎን የተደረደሩት ሹል ቅስቶች ናቸው። ልጆቹ በካርቶን አንድ ክብ፣ አንድ ሹል ቅስት ሠርተው መጽሐፍ ጫኑባቸው። የክቡ እግሮች ቶሎ ተንሸራተቱ፤ ሹሉ ግን ጭነቱን ይበልጥ ወደ ታች ስለሚያወርድ ጸንቶ ቆመ። ያን ቀን ክፍሉ በጭብጨባ ደመቀ።

ገዳሙ በ1989 ተዘጋ። አፓርታማ ሊያደርገው የገዛው ድርጅት ከሰረ፤ ሕንፃውም ለዘራፊ ተጋለጠ። የአሥራ ሁለቱ ቅዱሳን ሐውልቶች ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ የከተማው ምክር ቤት ገዝቶ አተረፋቸው። በ1997 የዓለም ሐውልቶች ፈንድ ለአደጋ ከተጋለጡ 100 ቅርሶች መካከል መዘገበው። ታድሶ በ2007 ለሠርግ፣ ለስብሰባና ለሙዚቃ ዝግጅት ተከፈተ።

አንዲት ተማሪ «ታቦቱስ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች። በካቶሊክ ሥርዓት ታቦት እንደሌለ አስረዳሁ፤ ጥያቄዋ ግን የአንድ ሙሉ ቅዳሜ ውይይት ከፈተልን።

ከዚያ ለሕንፃው ሌላ አገልግሎት እንዲነድፉ አዘዝኳቸው። አንዱ ቡድን መሐሉ ላይ ወለል ጣለና ቤተ መጻሕፍት አደረገው። ሞዴሉ ሲጠናቀቅ ወለሉ ቅስቶቹን ከወገባቸው ቆርጧቸው አየን፤ ልጆቹ ራሳቸው አነሱት። እኔም አፓርታማው አለመሠራቱ ሕንፃውን አድኖታል ባይ ነኝ፤ ያ ከፍታ በክፍል በክፍል ቢከፋፈል የፑጂን ሥራ የሚቀረው ለውጪ ግድግዳው ብቻ ነበር። አርድዊክ ያለው የቀድሞው ቅዱስ ቤኔዲክት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የግድግዳ መውጣት ስፖርት ማዕከል ነው፤ ስፖርቱ ራሱ ከፍታ ስለሚፈልግ ሁሉም አባላት ተገቢ ለውጥ ነው ብለዋል።

ሞዴሎቹ ለወላጆች ቀን ይታያሉ። ልጆቹን በመኪና ላመላለሳችሁ ወላጆች ክበቡ ከልብ ያመሰግናል። የመጪው ዓመት ምዝገባ ከ10 ዓመት በላይ ለሆኑ ሁሉ ክፍት ነው።