ዲኤክሷ ቤንዚን ስትበላ

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለታደሰ፦

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ስለረሳሁህ ሳይሆን ስላፈርሁ ነው፤ «የሸጥክልኝ ዲኤክስ መኪና ቤንዚን ትበላለች» ብዬ በስልክ የተቆጣሁህ ቁጣ ሲታወሰኝ ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አሁን ግን ጥፋቱ ያንተ እንዳልነበረ በገዛ እጄ ስላረጋገጥሁ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ።

አንተ ስትነዳት በሊትር 11 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። እኔ በላች ከማለት በቀር አንድ ቀን ለክቼ አላውቅም። ባለፈው ኅዳር ሰልባትዮዋን፣ ማለት የቤንዚን ማጠራቀሚያዋን፣ እስከ አፉ ሞልቼ፣ ኪሎ ሜትሩን መዝግቤ፣ ሦስት ሳምንት ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ስመላለስባት ከቆየሁ በኋላ ከዚያው ማደያ መልሼ ብሞላት፣ ለ196 ኪሎ ሜትር 28 ሊትር ገባ፤ በሊትር 7 መሆኑ ነው።

አንዱ መካኒክ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሯ ይቀየር አለኝ፤ ሌላው የከተማውን ከፍታ ከሰሰ። ከፍታው እውነትነት አለው፤ ከ2300 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራተር ከአየሩ ጋር ሲመዘን ቤንዚን ያበዛል። ነገር ግን አንተም የነዳሃት እዚሁ ነው፤ ከፍታው ትናንት አልመጣም።

ስለዚህ ድብልቁን በእሳት የሚያቀጣጥሉትን አራቱን ካንዴላዎች ራሴ ፈታኋቸው። ጫፋቸው የማኪያቶ ቀለም ሊኖረው ሲገባ፣ የምጣድ ጥቀርሻ የመሰለ ደረቅ ጥላሸት ለብሰዋል። አንዱ ብቻ ቢጠቁር ኖሮ የዚያን ሲሊንደር እሳት እጠረጥር ነበር፤ አራቱም እኩል መጥቆራቸው ግን ድብልቁ ራሱ ቤንዚን እንደበዛበት ይናገራል። የአየር ፊልትሮውን ሳነሣ ነገሩ ፊት ለፊቴ ነበር፦ ሞተሩ በብርድ እንዲነሣ አየር የሚቀንሰው የቾኩ መሳቢያ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ሳለ፣ ካርቡራተሩ አፍ ላይ ያለችው ክዳን በግማሽ ተዘግታ ቆማለች። ሽቦው ዝጓል፤ እኔ ሞተሩ ሞቀ ብዬ ስመልሰው እሱ አይመለስም። ለካስ ቀኑን ሙሉ የምነዳው ገና በማለዳ እንደተነሣች መኪና ነበር! ሽቦውን አስቀይሬ፣ በአቧራ የታፈነውን ፊልትሮም በአዲስ ተክቼ ብለካት 9 ሆነ።

እንቅልፍ የነሳችኝ ቀሪዋ 2 ኪሎ ሜትር ናት። ቸርችል ጎዳናን ወርጄ ለገሃር ስቆም ቸርኬዎቹን ብነካ ሁሉም ይሞቃሉ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስለሚያዝ ያ ምንም አይነግርህም። እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለ ሰዓት፣ ሜዳ ሜዳውን ፍሬን እምብዛም ሳልይዝ ነድቼ ብወርድ ግን፣ ሦስቱ ቀዝቅዘው የቀኝ የኋላው እጅ አያስነካም። በክሪክ አንሥቼ ጎማውን ባዞረው እየታገለ ነው የሚዞረው። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ስለማይመለስ የፍሬኑ ሸራ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር እንደያዘው ኖሯል። ይህም የዛገ ገመድ ነው፤ ክረምት ከክረምት ደጅ ያሳደርኋት ደግሞ እኔው ነኝ።

ገመዱ ከተቀየረ ወዲህ በሊትር 10.5 ትሄዳለች። የጎደለችው ግማሽ ኪሎ ሜትር ምናልባት የቆጣሪው ትሆናለች፤ ባለፈው ዓመት የገጠምኋቸው ጎማዎች ከቀድሞዎቹ ከፍ ካሉ፣ በአንድ መንገድ ላይ የሚዞሩት ቁጥር ስለሚቀንስ ቆጣሪው ጉዞውን አሳንሶ ይጽፋል። አሮጌዎቹን ሳልመለከት ስለጣልኋቸው ማነጻጸር አልቻልሁም። እባክህ፣ በአንተ ጊዜ የነበሩት ጎማዎች የመጠን ቁጥራቸው ስንት እንደነበር ትዝ ካለህ ጻፍልኝ። ቤተ ሰቡን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

አክባሪ ወንድምህ
ግርማ