ለአሮጌ ማካሮቭ ሽጉጥ የማይሆን ጥይት አድላችኋል፤ ሰብስቡልን

ለጥበቃ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ለገሃር ሲወረድ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ የምትጠብቁት ሕንፃ አስተዳዳሪ ነኝ። በስልክ ስናገር "እናየዋለን" እየተባልኩ ስለቆየሁ ይኸው በጽሑፍ።

ለማታ ጠባቂዎቻችን የነበረውን ጥይት ሰብስባችሁ አዲስ አደላችሁ። ተቆጣጣሪያችሁም "ይሄ ጉልበተኛ ነው፣ ለአዲሱ ማካሮቭ የተሠራ ነው" እያለ እያሞገሰ ነው የሰጣቸው። እሺ፣ ለአዲሱ ከተሠራ ለአዲሱ ስጡታ! የእኛ ጠባቂዎች ወገብ ላይ ያለው እኮ የሶቪየት ጦር በ1951 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ዓይነት፣ ካርታው 8 ጥይት የሚይዘው አሮጌው ነው።

ከልምምድ መልስ አንደኛው ጠባቂ፣ ድሮ ሠራዊት ውስጥ የነበሩት ጋሼ፣ የተተኮሰውን ቀለህ ኪሳቸው ከተው አመጡልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ከድሮው ቀለህ ጎን አቆምነው። የድሮው ቀጥ ያለ ነው። አዲሱ ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ በአንድ ጎኑ አብጧል፣ በጥፍር ሲዳሰስ ጉብታው ይታወቃል፤ አንዱ ላይማ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። "ልጄ፣ ይሄ ለጥቂት ነው እጄ ላይ ያልፈነዳው" አሉኝ።

እሳቸው እንዳስረዱኝ የማካሮቭ አሠራር ቀላል ነው። በርሜሉ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ነው፣ ላዩ ላይ ወደኋላ የሚንሸራተተው ብረት ደግሞ መቆለፊያ የለውም፤ ሲተኮስ ይዞ የሚያቆየው የራሱ ክብደትና ሞላው ብቻ ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ብረቱ ቶሎ ይሸሻል፣ ቀለሁም ውስጡ ያለው ግፊት ገና ሳይወርድ ከቤቱ ወጣ ይላል፣ ያኔ ዙሪያውን ደጋፊ ያጣው ቦታ ያብጣል፣ ከባሰም ይቀደድና ጋዙ ተኳሹ እጅና ዓይን ላይ ይመጣል። ፒኤምኤም የሚባለው የተሻሻለው ማካሮቭ ግን ጥይቱ የሚጎርስበት ቤት ውስጥ ጠመዝማዛ ቦዮች ተፈልፍለውለታል፣ ቀለሁን ያዝ አድርገው እንዲያዘገዩት። የእኛዎቹ ይሄ የላቸውም። የተለመደው ጥይት በሴኮንድ 315 ሜትር አካባቢ ነው የሚወጣው፣ ያደላችሁት ከ400 ያልፋል። ሞላቸው መቼ እንደተቀየረ ለማይታወቅ ሽጉጦች!

ቢሯችሁ የሰጠኝ መልስ ደግሞ "9 ሚሊ ያው 9 ሚሊ ነው" የሚል ነው። ኧረ አይደለም! የማካሮቭ ጥይት ስፋቱ 9.27 ሚሊ አካባቢ ነው፣ የ9 በ19ኙ፣ ማለትም በሌሎች ሽጉጦች የሚተኮሰው የተለመደው 9 ሚሊ፣ ደግሞ 9.02። ስሙ ነው እንጂ የሚያመሳስላቸው እነሱ አይገጣጠሙም። ግፊቱንም ካነሳን፣ አሜሪካኖቹ ለ9 በ19 ጥይት ጣሪያውን 35,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ብለው ወስነዋል፤ ጉልበት ለተጨመረበት፣ ፕላስ ፒ ለሚሉት፣ 38,500። ልዩነቱ 10 በመቶ ናት። ለዚህችው 10 በመቶ ብለው ነው ምልክት የሚያደርጉበት፣ የሽጉጡም መመሪያ ይቻላል አይቻልም ብሎ የሚጽፈው፤ ከሚፈቅዱት ፋብሪካዎች እንኳ ሽጉጡ ቶሎ ያልቃል ብለው የሚያስጠነቅቁ አሉ። እናንተ ጋ ግን ተቆጣጣሪው ካሞገሰው በቃ።

ፈቃዳችሁን አልጠየቅንም፤ በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተሟላ መሆኑን ውሉን ስንፈርም አይተናል። የምንለው ስለ ጥይቱ ነው። አዲሱን ባስቸኳይ ሰብስባችሁ የተለመደውን መልሱ። በዚህ ጥይት የተተኮሰባቸውን ሽጉጦች ሁሉ የሚያውቅ ባለሙያ ፈታቶ ይያቸው፣ ስንጥቅ ያለበት ይወገድ፣ ሞላው ይቀየር፣ የተደረገውም ተጽፎ ይላክልን። ጋሼንም "ለምን ቀለህ አሳየህ" ብላችሁ እንዳትነኳቸው፣ ቀለሁ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው።

እስከ ሰኞ ጠዋት ካልተሰበሰበ ሽጉጦቹን አስረክበን ሕንፃውን በዱላ እናስጠብቃለን። የዚህ ወር ክፍያም እስከዚያው አይለቀቅም።

የሕንፃው አስተዳደር