ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ፦ ሴቶችን ከራጅ በፊት ለብቻቸው ጠይቁልን

ሰላም ለእናንተ ይሁን የቢሮው ኃላፊዎች፣ የባህር ዳር ነዋሪ ነኝ፣ ምጽፍላችሁም ስለ ነብሰጡሮችና ስለ ራጅ ነው።

እኛ ሰፈር አንዲት ልጅ ባጃጅ ገጭቷት እጇን ራጅ ተነሳች፣ ቆይቶ ማርገዟን ስታውቅ የሆነ ክሊኒክ ያለ ባለሙያ «ጨረር ነክቶታል፣ ብታስወርጂው ይሻላል» አላት። የእጅ ራጅ እኮ ነው! ማህፀኗ ጋ ሚደርሰው ጨረር ከምንም አይቆጠርም። የደረት ራጅ ራሱ ፅንሱ ላይ ሚያደርሰው ከ0.01 ሚሊ ግሬይ (ሰውነት የተቀበለው ጨረር ሚለካበት መለኪያ ነው) በታች ነው፣ ፅንስ ደሞ ምንም ሳይነሳ በ9 ወር ውስጥ ከተፈጥሮ ብቻ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ግሬይ ያገኛል። ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው መመሪያ ከ100 ሚሊ ግሬይ በታች በሆነ ጨረር ምክንያት ፅንስ ማቋረጥ ተገቢ አይደለም ብሏል። ይሄን ያላወቀ ባለሙያ በአንድ ቃል የሰው ልጅ ያስጠፋል፣ እኔን ሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ጨረር ምንም አያረግም እያልኩ አይደለም፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ሌላ ነገር ነው፣ ፅንሱ ላይ 25 ሚሊ ግሬይና ከዛም በላይ ሊያደርስ ይችላል፣ ከተፀነሰ ከ8ኛው እስከ 15ኛው ሳምንት ደሞ ለአንጎሉ በጣም ሚያሰጋው ጊዜ ነው፣ ስለዚ አልትራሳውንድ ወይ ኤምአርአይ ሚበቃ ከሆነ እሱ ይቅደም፣ ሁለቱም እንዲህ አይነት ጨረር የላቸውም። ግን ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ የመጣችን፣ ሳል ያሰቃያትን ነብሰጡር ደረቷን ሳያዩ «ከወለድሽ በኋላ ነይ» ብሎ መመለስስ? ቲቢ ከሆነ ለሷም ለልጁም ከራጁ ሚብሰው እሱ ነው።

ምንለምናችሁ ይሄን ነው። ራጅ ክፍሉ በር ላይ «እርጉዝ ከሆንሽ ተናገሪ» ብሎ መለጠፍ አይበቃም፣ ማንበብ ማትችል አለች፣ ደሞ እኛ አገር ሆዷ ሳይገፋ ማርገዟን ለሰው ምትናገር ስንቷ ናት? አማቷ ወይ ወንድሟ አጠገቧ ቆመው እርጉዝ ነሽ ወይ ብትሏት አይደለሁም ነው ምትላችሁ። ለብቻዋ አርጋችሁ የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር ብላችሁ ጠይቋት፣ ካጠራጠረ የሽንት ምርመራው ደቂቃዎች ነው ሚፈጀው። ሳታውቅ ተነስታ ከሆነም የቱ የሰውነት ክፍሏ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጣት፣ ማንም ስለ ፅንሱ ክፉ ከመናገሩ በፊት ራዲዮሎጂስት፣ ማለትም የራጅና የስካን ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ይየው።

ይሄን ለጤና ጣቢያውም ለግል ክሊኒኩም በደብዳቤ በትኑልን፣ ካልተተገበረ ደሞ ሴቶቹ ለማን ስልክ እንደሚደውሉ እዛው ላይ ይጻፍ። ምላሻችሁን እንጠብቃለን።