የትምህርት ቤቶቻችንን ካርታ እንሥራ፦ ኦሪየንቲሪንግን ለልጆቻችን ለማስተማር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ወገኖች፣

አዲስ አበባ ጉለሌ አካባቢ የምናስተምር የጂኦግራፊና የስፖርት መምህራን ነን። ጥቂት ወላጆችም አብረውን አሉ። ለ10 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የግቢ ካርታ ሠርተን፣ ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት መምህራን አሠልጥነን፣ ተማሪዎቹን ኦሪየንቲሪንግ ለማስጀመር ተነስተናል። የራሳችንን ጊዜና ጉልበት ሰጥተናል። ቀሪው ግን ከኪሳችን በላይ ሆኖብናል፤ እናግዛችሁ የምትሉትን እንፈልጋለን።

ስፖርቱን ለማታውቁት ባጭሩ እንዲህ ነው። ለልጁ ካርታ ይሰጠዋል። ካርታው ላይ መነሻው በሦስት ማዕዘን፣ መድረሻው በድርብ ክብ ተመልክቷል። በመሃል ቁጥር የተሰጣቸው ክቦች አሉ። በእያንዳንዱ ክብ መሃል መሬት ላይ በእርግጥ ያለ ነገር ይገኛል፤ ዛፍ፣ ትልቅ ድንጋይ፣ የአጥር ጥግ። እዚያ ብርቱካናማና ነጭ ጨርቅ ተሰቅሏል። ልጁ ጨርቆቹን በቅደም ተከተል እየፈለገ፣ መድረሱን ካርዱ ላይ ምልክት እያደረገ ይመለሳል። ሁሉንም አግኝቶ በአጭር ጊዜ የጨረሰ ያሸንፋል። በየት በኩል እንደሚሄድ የሚነግረው ግን የለም። ዳገቱን ልውጣ ወይስ ዙሪያውን ልሂድ? እየሮጠ ራሱ ይወስናል።

ጠዋት እንጦጦ የወጣ ሰው ሯጮቻችንን አይቷል። በባሕር ዛፉ መሃል አንዱ ፊት ሆኖ፣ ሌሎቹ ከኋላው ተሰልፈው እየተጠማዘዙ ይሮጣሉ። የፊተኛው ይመራል፣ የኋለኞቹ እግሩን እያዩ ይከተላሉ። ድንቅ ልምምድ ነው። እኛ የምንፈልገው እያንዳንዱ ልጅ ያንን የፊተኛውን ቦታ እንዲቀምሰው ነው። ይህን ያህል ሯጭ ያፈራች አገር፣ እንጦጦን የመሰለ ጫካ ደጃፏ ላይ ያላት ከተማ፣ ልጆቿ ይህን ስፖርት በስሙ እንኳ አለማወቃቸው ያስቆጫል።

ሌላም የሚያስቆጭ ነገር አለ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ካርታ ስኬልና እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ስለሚያገናኘው ኮንቱር መስመር ይማራል። ፈተና ይወጣበታል፣ መልሱንም ይሸመድዳል። ካርታ ይዞ ከክፍል ወጥቶ ግን አያውቅም። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ዳገቱ እንደሚከብድ በቃሉ ይነግራችኋል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ያለውን አቀበት በየቀኑ እየወጣ፣ ሁለቱን አያገናኛቸውም። የስፖርት መምህሩም በበኩሉ ከ50 በላይ ተማሪና አንድ ኳስ ይዞ ሜዳ ላይ ይቆማል። ኳሷን የሚያገኙት ሁልጊዜ እነዚያው ጎበዞች ናቸው። ሌላው ዳር ቆሞ ያያል።

ስዊድኖች ይህን ነገር ከመቶ ዓመት በፊት አስበውበታል። ሻለቃ ኤርነስት ኪላንደር የተባለ የጦር መኮንንና የስካውት መሪ፣ ወጣቶች ከአትሌቲክስ እየራቁ መሆናቸው አሳሰበው። እ.ኤ.አ. በ1919 ካርታና ኮምፓስ አስይዞ ከስቶክሆልም በስተደቡብ ወዳለው ጫካ አሰማራቸው። ስፖርቱን በአገሪቱ ሥር ያስያዘው ግን ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 በመደበኛው ትምህርት ውስጥ ገባ። ዛሬም የስዊድን ተማሪ በስፖርት ክፍለ ጊዜው ካርታ ይዞ ጫካ ይገባል።

እኛም በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ሞክረነዋል። ካርታውን በእጃችን ሣልነው፤ ጨርቁንም ከቁርጥራጭ ሰፋነው። ተማሪዎቹን ሁለት ሁለት አድርገን ለቀቅናቸው። ሁለት የ6ኛ ክፍል ልጆች ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ ቆመው ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛዋ “በዚህ ነው፣ ነይ!” ትላለች። ሌላኛዋ አልተንቀሳቀሰችም። “ካርታው ላይ ሮቶው በቀኛችን ነው፤ አሁን ግን በግራ ነው ያለው” አለቻት። ከዚያ ካርታውን ቀስ ብላ አዞረችው፤ ካርታው ላይ ያለው ሮቶም ግራ ላይ እስኪመጣ ድረስ። ማንም አላሳያትም። ኦሪየንቲሪንግ ላይ ጀማሪ የሚማረው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው፤ ካርታውን ከመሬቱ ጋር ማስማማት። ጨርቁን ከዘበኛ ቤቱ ኋላ ሲያገኙት የጮኹትን ጩኸት ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ድረስ ሰምቶ ወጣ።

ያለውን ካርታ ለምን አትጠቀሙም የሚሉን አሉ። የአገራችን የቶፖግራፊ ካርታ በ1፡50,000 የተዘጋጀ ነው። 100 ሜትር ርዝመት ያለው ግቢ እዚያ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ልጅ የሚሮጥበት ካርታ 1፡1,000 ያህል መሆን አለበት፤ ያኔ ያው ግቢ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱ ዛፍ፣ ደረጃና በር ይታያል። ይህን መሥራት እግር ይፈልጋል። የሳተላይት ምስል አትሞ ግቢውን ጥግ በጥግ እየዞሩ መለካት ነው። መሣያው ኦፕን ኦሪየንቲሪንግ ማፐር የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ነፃ ነው፣ በአንድሮይድ ስልክም ይሠራል። አንዴ ከተሠራ ግቢው እስኪቀየር ድረስ ካርታው ያገለግላል።

ገንዘቡ ታዲያ የት ይሄዳል? ትልቁ ወጪ ሕትመቱ ነው። ለየትምህርት ቤቱ 60 የቀለም ካርታ አሳትመን ላሚኔት እናደርጋለን፤ ዝናብም ሆነ የልጅ እጅ እንዳያበላሸው። ቀጥሎ የመምህራን ሥልጠና አለ። በክረምቱ እረፍት 20 መምህራን እናሠለጥናለን፤ ትራንስፖርትና ምሳ መቻል አለብን። ከየትምህርት ቤቱ አንድ የጂኦግራፊና አንድ የስፖርት መምህር የምንወስደው ሆን ብለን ነው። አንዱ ካርታውን ያውቃል፣ ሌላው ሜዳውን። ጨርቆቹን ከውጭ አናስመጣም። ሦስት ገጽ ያለው፣ እያንዳንዱ ገጽ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጨርቅ ነው፤ ሽሮ ሜዳ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ይሠሩታል። 150 ያስፈልገናል። ኮምፓስ 200 ብናገኝ ደስ ይለናል፤ ግን ግቢ ውስጥ ያለ ኮምፓስም ይቻላል፣ ስለዚህ እሱን መጨረሻ ላይ አድርገነዋል።

ቲሸርት አናሳትምም። ባነርም የመክፈቻ ሥነ ሥርዓትም የለንም። አንድ ትልቅ ውድድር አዘጋጁና ሚዲያ ጋብዙ ብለው የመከሩን አሉ። ቀኑ ያምራል፤ በማግስቱ ግን ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። የሠለጠነ መምህር በየዓመቱ አዲስ ክፍል ይረከባል። ካርታውም መሳቢያው ውስጥ አለ። ስለዚህ እባካችሁ ለመምህሩና ለካርታው ስጡ።

ወላጆች ስለ ደኅንነት ትጠይቁናላችሁ፣ ትክክል ናችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ሙሉ በሙሉ በግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አስፈቅደን ወደታጠረ ፓርክ እንወጣለን፤ በቀን፣ ከመምህራን ጋር፣ ልጆቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው። ማንም ልጅ ለብቻው ጫካ አይላክም።

ስዊድን፣ ኖርዌይና ፊንላንድ ላላችሁ ወገኖቻችን የተለየ ልመና አለን። ልጆቻችሁ ይህን ስፖርት በትምህርት ቤት ሳያውቁት አይቀሩም። ሠፈራችሁ ያለው ክለብ የማይጠቀምበት ኮምፓስ ካለው ጠይቁልን። አገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ አምስት ስድስቱ ይገባሉ። ስፖርቱን የምታውቁ ደግሞ ለእረፍት ስትመጡ አንድ ቅዳሜ ስጡን፤ መምህራኖቻችን ብዙ ጥያቄ አላቸው።

ብር ለመስጠት የምትፈልጉ መልእክት ላኩልን። ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ከሂሳብ ቁጥር ጋር እንልክላችኋለን። ሂሳቡ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ ነው፤ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም፣ በማንም ግለሰብ ስም አይገባም። የማተሚያ ቤቶቹን ፕሮፎርማ ለጠየቀን ሁሉ እናሳያለን። ደረሰኙም በየትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። 100 ብርም ቢሆን በደስታ እንቀበላለን። ማተሚያ ቤት ያላችሁ ወረቀት ወይም ቀለም ብትችሉን፣ የጂኦግራፊ ተማሪዎች በካርታ ሥራው ብታግዙን፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ያላችሁ ብትሰጡን ሥራችን ይቀልላል።

ሥልጠናው ሐምሌ ላይ ስለሆነ ሕትመቱን ሰኔ ማለቂያ ላይ መክፈል አለብን። የቻላችሁ ከዚያ በፊት ድረሱልን። እግዜር ይስጥልን።